ከጽዋዐ ልቡና እስከ መድን ደብተር
በወሎ ቦረና የባከነ ቀልብ ታሪክ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ ተሻግሮ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ዛሬ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ሳይንት እየተባለ በየወረዳው የተከፋፈለው ይህ አገር በጥንቱ ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ግዛት አካል ሲሆን፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ነገሥታቱ እነመካነ ሥላሴንና እነአትሮንሰ ማርያምን የመሳሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጹበት፣ በ1524 ዓ.ም ደግሞ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሲደርስ ያ ሁሉ ሕንጻ በእሳት የወደመበት ነው። የሕንጻው ታሪክ በብዙ ጸሐፍት ተጽፏል፤ እኔ ግን የማተኩረው ብዙ ባልተጻፈበት በሌላው ታሪክ ላይ ነው፤ ይኸውም ልቡናው አልሰበሰብ፣ ቀልቡ አልረጋ ያለው ሰው በዚህ አገር ማን ዘንድ ሄዶ መፍትሔ ይፈልግ እንደ ነበረና ወጪውን ማን ይሸፍንለት እንደ ነበረ የሚናገረው ታሪክ ነው። በዘመናችን ሐኪሞች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚሉት፣ በአማርኛ ባጭሩ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ልንለው የምንችለው ነገር፣ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለቦረና ሰው እንግዳ አይደለም።

ለዚህም ቀዳሚው ምስክር ከዚያው ምድር የወጣ ታላቅ ደራሲ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የተወለደው በዚሁ በቤተ አምሐራ ሰግላ በምትባል ስፍራ ሲሆን፣ አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ ድንኳን የሚያገለግል ካህን ነበር። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተላከ። በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጥረት የሊቃውንት መፍለቂያ የሆነው ያ ገዳም በጊዜው ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የላቀ ነበረና፣ የካህን ልጅ ወደዚያ ቢላክ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ልጁ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት ኖረ። ባልንጀሮቹ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ ሲሻገሩ እሱ በወፍጮና በውኃ መቅዳት ሥራ እየተጠመደ ቀረ። ተስፋ ቆርጦ ለመመለስ በተቃረበ ጊዜ እመቤታችን ማርያም ተገልጻ ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው። ከዚያም በኋላ መጽሐፈ ሰዓታትን፣ አርጋኖንን፣ መጽሐፈ ምሥጢርንና ሌሎችንም ብዙ ድርሳናት የጻፈ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደራስያን መካከል ተወዳዳሪው ጥቂት የሆነ ሊቅ ሆነ። በዓሉ በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን በዚያው በአገሩ በጋሥጫ ሲከበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ገደሉን እየተንጠላጠሉ ወርደው ይሳለማሉ።

ቅዱሱን እንደ በሽተኛ ቈጥሮ የዛሬን ሕመም ስም መለጠፍ ድፍረትም ዕውቀት ማጣትም ነው፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ ልጅ ምርመራ ማድረግ የሚችል ሐኪም የለም። ልናስተውለው የሚገባን የገድሉን ጸሐፊ ብልሃት ነው። ጸሐፊው ታላቁን ሊቅ ከማሕፀን ጀምሮ ብሩህ አድርጎ ማቅረብ ይቻለው ነበር፤ አብዛኞቹ ገድሎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እሱ ግን ሰባት የውድቀት ዓመታትን ሳይደብቅ ጻፈ። ለምን? አንባቢዎቹና አድማጮቹ እንዲህ ያለውን ልጅ በየትምህርት ቤቱ ያውቁት ስለ ነበረ ይመስለኛል። ደደብ ያልሆነ፣ ሰነፍም ያልሆነ፣ ነገር ግን የተነገረው ሁሉ በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው የሚወጣ፣ የየኔታ አርጩሜ የማያስተካክለው ልጅ በየጎጆው ነበር። የእርሱም እናት ገድሉን በሰማች ጊዜ ተስፋ ታገኝ ነበር።

በዚህ ተስፋ ላይ የተመሠረተ አንድ ሙሉ ሙያ በአገሩ ኖሯል። ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ ዓይነ ጥላ ነው የጋረደው ይባላል፤ ስለዚህም ወላጅ ከደብተራ ዘንድ ሄዶ ክታብ ያስጽፍለታል። ክታቡን በቅርብ ላየው ሰው አሠራሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ማዕቀፍ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይላጋል፣ ይደርቃል፤ ከዚያም በቀጭኑ እየተቀደደ ቁራጩ ከቁራጩ ጋር በጠፍር ይሰፋና ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ሰውየውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቅ ነው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ መነሻውና የከበሩት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። የባለቤቱ ስመ ክርስትና በጸሎቱ መካከል በየቦታው ይገባል። ክታቡ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ እንደሆነ ለስሙ ባዶ ስፍራ ይተዋል። ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ከተሰፋ በኋላ በአንገት ይንጠለጠላል። ዋጋው እንደ ደብተራው ዝና ቢለያይም ከገበሬ ጎተራ የሚወጣ እህል፣ አንዳንዴም ሙክት ነበረ። ከክታቡ ሌላ ለልቡና መክፈቻ የሚባል ሥር፣ ቅጠልና ዘር የሚሰጡ መርጌቶችም ነበሩ፤ ከዚህ ወገን እጅግ የሚታወቀውና እጅግ የሚፈራው አብሾ ነው። አብሾ የጠጣ ተማሪ ትምህርቱን እንደ ጅረት ይጠጣዋል ይባላል፤ መጠኑ ካለፈበት ግን አእምሮው ይነካል፤ የኋላ ኋላ ጠባዩ ያልተገራ ሰው ሁሉ «አብሾ አለበት» መባሉ የዚህ ፍራቻ ቅሪት ነው። የነዚህን መድኃኒቶች ዝርዝር የያዙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰብስቦ አሳትሟቸዋል። መጻሕፍቱን ላገላበጠ ሰው የሚታየው፣ የአገራችን ሐኪም የሆድ ቁርጠትንና የትምህርት አለመግባትን በአንድ ጥራዝ ውስጥ፣ በአንድ ብዕር የሚጽፍ እንደ ነበረ ነው።

የወሎ ነገር ሲነሣ እስላሙን ትቶ ክርስቲያኑን ብቻ ማውሳት ግማሽ ታሪክ መጻፍ ነው። በለጋምቦና በወረ ሂመኖ፣ በቦረናም በብዙ ቀበሌ፣ ልጁን ከየኔታ ሳይሆን ከሼኹ ዘንድ የሚልከው ወላጅ ያው ጭንቀት ነበረበት። ደረሳው የቁርኣኑን አንቀጽ በሉሕ ላይ ጽፎ ይቀራል፤ ያልያዘለትን ልጅ ሼኹ ዱዓ ያደርግለታል፤ በሉሕ ላይ በቀለም የተጻፈው ታጥቦ ውኃውን እንዲጠጣ ይሰጠዋል። በገዳም ጽዋ፣ በመድረሳ የሉሕ እጣቢ፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች የማይግባቡበት ብዙ ነገር ቢኖርም፣ ቃሉ በጆሮ አልገባ ያለውን ልጅ በአፉ ማጠጣት እንደሚበጀው ግን ተስማምተዋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ጽሑፌም የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሁሉ ለልጅ ነው። ክታቡም፣ አብሾውም፣ እጣቢውም፣ ጽዋውም ለተማሪ የተዘጋጀ ነው እንጂ ለጎልማሳ አይደለም። ምክንያቱም ቀልብን ሰብስቦ ለረዥም ሰዓት በአንድ ነገር ላይ መቀመጥን የሚጠይቅ ስፍራ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ የጠፋ ይመስላል፤ በእውነት የሚጠፋው ግን የሚያሳብቅበት ሥራ ነው። የገበሬው ዓመት በባሕርዩ የተከፋፈለ ነው፤ እርሻ፣ ዘር፣ አረም፣ አጨዳ፣ ውቂያ ተራ በተራ ይመጣሉ። አንዱ ሥራ አሰልቺ ከመሆኑ በፊት ዝናቡ ወይም ፀሐዩ ወደ ሌላው ይገፋል። ብቻውን ቢተው እርፉን ጥሎ የሚሄደው ሰው በወንፈልና በደቦ መካከል ሲገባ ከፊቱም ከኋላውም ባልንጀራ አለ፤ አዝማች አለ፤ ተቀባይ አለ፤ የጓደኛው ማጭድ የእርሱን ማጭድ ይጎትተዋል። ዛሬ ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው ሰው ከሰው ጋር እየሠራ ቢውል ይበጀዋል ብለው የሚመክሩት ምክር፣ በቦረና ደጋ የአጨዳ ሥርዓት ነበረ። በቅኔ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው በወንበር ተጠፍንጎ ሳይሆን ብቻውን በገደሉ አፋፍ ወዲያና ወዲህ እያለ ነውና፣ ፊደል ቤት እያለ በመቅበጥበጡ የተገረፈ ልጅ ቅኔ ቤት ደርሶ ቀድሞ ቢገኝ አይደንቀኝም።

ይህ ማለት ግን ጎልማሳው አልተቸገረም ማለት አይደለም። የጀመረውን የማይጨርስ፣ ቃሉን የሚረሳ፣ የተናገረውን ሳይመዝን የሚያመልጠው፣ ብድር ያለበት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አሳልፎ ርስቱን የሚያስበላ ሰው በየቀበሌው ነበረ። ለርሱ ግን በአገሩ የነበረው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይም ጠባይ ነው፣ ወይም መንፈስ። ጠባይ ከሆነ ልበ ቢስ፣ ዝንጉ፣ ተቅበዝባዥ ይባላል፤ ሽማግሌ ይመክረዋል፤ ሚስቱ ትታገሠዋለች ወይም ትፈታዋለች። መንፈስ ከሆነ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው፣ ልክፍት ነው፤ ክርስቲያኑ ጠበል ገብቶ ሱባኤ ይይዛል፤ እስላሙ በወዳጃ ቡናው እየተፈላ ጫቱ እየቀረበ ዱዓ ያስደርጋል፤ ሁለቱም ካልሆነላቸው ወደ ባለ ዛሩ ይሄዳሉ። የሚያወጣውም ወጪ የራሱ ነው። ማንም አይዋጣለትም።

አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ ቀድመው አልሄዱም። ጀርመናዊው ሐኪም ቫይካርድ በ1775 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ክራይተን በ1798 እ.ኤ.አ. ስለማይረጋ ትኩረት ጽፈዋል። የእንግሊዙ የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 እ.ኤ.አ. በለንደን ባሰማው ንግግር እንዲህ ያሉትን ልጆች ሲገልጽ ነገሩን በግብረ ገብ ጉድለት አይቶት ነበር፤ ይህም ከእኛ ሽማግሌዎች ፍርድ እምብዛም አይርቅም። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ብራድሊ ቤንዘድሪን የተባለውን የሚያነቃ መድኃኒት ለልጆች ሰጥቶ በትምህርታቸው ረግተው መገኘታቸውን ጻፈ፤ በ1944 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት ተቀመመ፤ ቀማሚው ፓኒዞን የንግድ ስሙን ሪታሊን ያለው በሚስቱ በሪታ ስም ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ የትኩረት ጉድለት የሚል ስም አወጣለት፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የዛሬውን ስም አገኘ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ማለት ይቻላል የልጅ ጉዳይ ነበር። ሕመሙ ከልጁ ጋር አብሮ እንደሚያድግ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዌንደር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢከራከርም፣ ጎልማሳውን የሚመረምር ሐኪም ማግኘት በሀብታሙ አገር እንኳ የተለመደ ነገር የሆነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲከፈት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ምድር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከወሎ ደጋ ወደዚያ የሚወሰደው ሰው እጁ በገመድ ታስሮ፣ ጠበሉም ክታቡም ዕምቢ ካለ በኋላ፣ ራሱን ወይም ሰውን እንዳይጎዳ የተፈራ ሰው ነው። ቀልቡ የባከነ ግን ጤነኛ የሚመስል ሰው በዚያ በር ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ቢገባም «አማኑኤል ገብቶ ወጣ» የሚለው ስም ከሕመሙ ይልቅ ይጎዳው ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን ጀመሩና በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ1995 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ደሴ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አገኘ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያስመርቃል። ቢሆንም በዚህም ሁሉ ውስጥ ያው የጥንቱ መልክ ይደገማል፤ ዶክተር ምኒልክ ደስታን የመሳሰሉ ሐኪሞች በአዲስ አበባ የሕፃናትን የአእምሮ ጤና አጥንተዋል፤ የሚቅበጠበጠው ልጅ ሐኪም ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ጠባብም ቢሆን ተከፍቷል። የልጁ ታላቅ ወንድም፣ ወይም ያው ልጅ በሠላሳ ዓመቱ፣ የሚያንኳኳው በር ግን የትኛው እንደሆነ ገና በውል አልታወቀም።

የጎልማሳው ችግር በቦረና ገሐድ የወጣው ከተማው ሲመጣ ነው። መካነ ሰላም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረችና፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ከእርሻው ተነሥቶ በጠረጴዛ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግ ጀመር። መዝገብ ቤት የሚሠራውን ጸሐፊ እናስብ፤ የገቢ ደብዳቤ በአንድ መዝገብ፣ የወጪ ደብዳቤ በሌላ መዝገብ፣ ቁጥርና ቀን ሳይዘለል፣ ዛሬ የገባው ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጠፋበት ሥራ ነው። የጓደኛ ማጭድ የለም፤ አዝማች የለም፤ ወቅት የለም፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያው ማኅተም፣ ያው ፋይል ነው። በደቦ መካከል ማንም ያልለየው ሰው በዚህ ወንበር ላይ በአንድ ወር ውስጥ ይለያል። ደመወዙ ይቆረጣል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ይዛወራል። ዛሬም ቢሆን በከተማይቱ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቶ ከየአገሩ ወጣት ሲሰበሰብ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በብሩህነቱ ብቻ እየተሸፈነ የመጣው ጉድለት የሚገለጠው የራሱን ቀን ራሱ መቁረጥ ሲገባው ነው።

እንግዲህ የወጪውን ነገር እናንሣ። በወሎ እድር የሚባለው ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ እስላምና ክርስቲያን ባንድ ቀበሌ ባንድ ቅሬ መግባታቸው የአገሩ ጌጥ ነው። ቅሬው የሚታወቀው በቀብር ቢሆንም፣ ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ደጋ ሕመምተኛን መሸከምም ግዴታው ነው። ሁለት ረዣዥም እንጨት፣ በመካከላቸው በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ አልጋ፣ በላዩ ቡሉኮ፤ ይህ ቃሬዛ ነው። አራት ሰው ትከሻ ይሰጣል፤ ሌሎች ተከትለው ይሄዳሉ፤ ዳገት ሲመጣ ያለ ቃል ይቀያየራሉ፤ ሕመምተኛው በዳገት ጊዜ ራሱ ወደ ላይ፣ በቁልቁለትም ጊዜ ራሱ ወደ ላይ እንዲሆን ቃሬዛውን ያዞሩታል። ከቃሬዛ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለቅሬው ሣጥን ይገባል። ወልዳ ደም የፈሰሳት፣ ከገደል የወደቀ፣ ወባ ያነደደው ሁሉ በዚህ ተሸካሚ ሕግ ይጠቀማል። ይህ በትክክል መድን ነው፤ ሁሉም በደኅናው ቀን ትከሻውን ያዋጣል፣ ሕመም የመጣበት ደግሞ ከተዋጣው ያወጣል። ነገር ግን ቅሬው የሚሸከመው የወደቀን ሰው ነው። በእግሩ ቆሞ የሚሄደውን፣ ቀልቡ ብቻ የወደቀበትን ሰው በቃሬዛ ላይ ማስተኛት የቅሬው ደንብ ያሰበው ነገር አይደለም።

መንግሥት ይህን ልማድ አይቶ በወረቀት ሲያደራጀው የተጀመረበት ስፍራ ለታሪክ ጸሐፊ ስጦታ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። የተሁለደሬ ከተማ ሐይቅ ናት። ከቦረና ተልኮ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ ጽዋዐ ልቡና የጠጣበት ገዳም ባለበት ወረዳ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የጤና መድን ደብተር ታደለ። እግዚአብሔር እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሲያገጣጥም ጸሐፊ ደስ ይለዋል።

አሠራሩ ለገበሬ የሚገባ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተ ሰብ ነው፤ መዋጮው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገበሬ ገንዘብ በእጁ ሲኖረው ይሰበሰባል፤ መክፈል ላልቻለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ደብተሩ የአባ ወራውን ስም፣ የቤተ ሰቡን ዝርዝር፣ ፎቶግራፍና ማኅተም ይይዛል፤ በየዓመቱ ሲታደስ ሌላ ማኅተም ይጨመርበታል። ከቤት ሲወጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በኪስ ይገባል፤ እናቶች ከመሐረባቸው ጋር ይቋጥሩታል። ታማሚው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ የማይቻል ሲሆን ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም የማይቻል ሲሆን ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፍለታል። ወረቀቱን ሳይዝ ዘሎ የሄደ ሰው ወጪው በሙሉ አይሸፈንለትም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም፤ የአእምሮ ሕክምና ግን ከመድኑ አልወጣም። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1273 ጸና።

ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ መሰላሉ ሙሉ ነው። ችግሩ ያለው በመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ነው። በጤና ጣቢያ የተቀመጠው ባለሙያ በቀን ብዙ ሰው ያያል፤ የሚጥል በሽታን፣ የከበደ ድብርትን፣ የአእምሮ መቃወስን እንዲለይ ተምሯል። ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ጤናማ ጎልማሳ መጥቶ «የጀመርኩትን አልጨርስም፤ የሰው ቃል ስሰማ ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ገንዘብ በእጄ አይቆይም» ቢለው ምን ብሎ ሪፈር ይጻፍለት? ደሴ ቢደርስ እንኳ ሐኪሙ በጎልማሳ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ብቻ የሚታወቅ ልዩ ባለሙያ ሳይሆን አጠቃላይ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ይህን ማወቅ ፈላጊውን ከብዙ ድካም ያድነዋል። መፈለግ ያለበትም ይኸው አጠቃላዩ ሐኪም ነው። ሜቲልፌኒዴት ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ እንደ ወባ ክኒን በየመደርደሪያው አይገኝም፤ መድን ያለው ሰው ቢሆንም ያልተገኘን መድኃኒት መድን አይከፍልም።

ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ይመስለኛል። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን የተቋቋመው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። ደመወዝተኛው በሌላ መድን፣ በ2002 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 690 በማኅበራዊ ጤና መድን እንዲሸፈን ታስቦ ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተደንግጎ ለረዥም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። አሁን ቀደም ብዬ የተናገርኩትን አንባቢው ያስታውስ፤ የጎልማሳው ቀልብ መባከን የሚገለጠው በጠረጴዛ ሥራ ላይ ነው። መምህሩ፣ መዝገብ ያዡ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ነርሱ፤ ሕመሙ በግልጽ የሚታይባቸውና በስሙ ሊጠሩት የሚችሉት እነዚህ ናቸው። ደብተሩ የተሰጠው ግን በደቦ መካከል ሕመሙ ለማይታይበት ገበሬ ነው። ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ቢሆንም የሚያስፈልገው ሰው የለውም፣ ያለው ሰው አያስፈልገውም፣ ቢያንስ ገና አላወቀውም።

ወደ አሜሪካ የተሻገረው የቦረና ልጅም ቢሆን ከዚህ ነጻ አልወጣም። በዚያ አገር በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የመድን ድርጅቶች የአእምሮን ሕክምና ከአካል ሕክምና አሳንሰው እንዳይሸፍኑ ያስገድዳል፤ ነገር ግን ድርጅቱ በሚልከው የሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ስልክ ሲደወልላቸው አዲስ ሕመምተኛ አንቀበልም፣ ወይም ያንን መድን ትተናል ይላሉ። ዝርዝሩ ረዥም፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው። ደሴ ላይ ሐኪም ፍለጋ ከሚንከራተተው ወንድሙ የሚለየው ስልኩን በሶፋ ላይ ተቀምጦ መደወሉ ብቻ ነው።

ለመካነ ሰላሙ ፈላጊ የሚሆን አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መመሪያ ጎልማሳውን በዚህ ሕመም ለመመደብ ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት መታየት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሐኪሙ ስለዚህ የሚጠይቀው የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ በልጅነትህ እንዴት ነበርክ፣ ማን ያውቃል ይላል። በሌላው አገር የትምህርት ቤት ወረቀት ያቀርባሉ። በቦረና ደጋ ያለው ወረቀት ጥቂት ነው፤ ምስክሩ ሰው ነው። ፊደል ያስቈጠሩት የኔታ ወይም ሼኽ፣ ፍየሎቹ በጎረቤት እህል ገብተው ስንት ጊዜ እንዳጣሉት የምታስታውስ እናት፣ ክታቡን ለማስጻፍ አብሮ የሄደ አጎት፤ በአንገት የተንጠለጠለው የዓይነ ጥላ ክታብ ራሱ፣ በጊዜው የተጻፈ የሕመም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ብቻውን አይሂድ፤ በልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ ሽማግሌ ይዞ ይሂድ። ደብተር ያለውም ከሆነ አስቀድሞ ያሳድሰው፤ የሪፈሩን ወረቀት ያስጽፍ፤ ለሽማግሌው የመኪናና የማደሪያ ገንዘብ ግን ከኪሱ ይያዝ፤ ምክንያቱም መድኑ ለምስክር አይከፍልም።